ኬልቶችን ፍለጋ፦ በአጥንትና በአንደበት

ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ገላትያ ስሟን ያገኘችው ከምዕራብ ከመጡ ተዋጊ ነገዶች ነው። እነዚህ ነገዶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ278 ገደማ ከአውሮፓ ተሻግረው ዛሬ አንካራ በምትገኝበት አካባቢ ሰፈሩ። ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ቅዱስ ጄሮም የገላትያ ሰዎች ቋንቋ በዛሬዋ የጀርመን ከተማ በትሪየር ዙሪያ ከሚነገረው ጋር እንደሚቀራረብ ጻፈ።

ግሪኮች «ኬልቶይ» ያሏቸው ሕዝቦች በዋናው የአውሮፓ ምድር የሚኖሩ ነበሩ። ዩልየስ ቄሳርም በዛሬዋ ፈረንሳይ መካከል የሚኖሩት ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው ራሳቸውን ኬልት እንደሚሉ መዝግቧል። የብሪታንያንና የአየርላንድን ሰዎች ግን የጥንት ጸሐፍት በዚህ ስም መጥራት ልማዳቸው አልነበረም። ዛሬ በኬልትነቱ የሚኮራው አየርላንዳዊና ዌልሳዊ ስሙን ያገኘው ከቋንቋ ሊቃውንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዌልሳዊው ኤድዋርድ ሉይድ እ.ኤ.አ. በ1707 ባሳተመው ሥራ ዌልስኛን፣ አየርላንድኛን፣ ብሬቶንኛንና የኮርንዎልን ቋንቋ አነጻጽሮ ዝምድናቸውን አሳየ። ዝምድናውም ሥርዐት አለው፤ አንዱ ወገን «ክ» በሚልበት ሌላው «ፕ» ይላል። አምስት በአየርላንድኛ «ኩግ»፣ በዌልስኛ «ፒምፕ» ነው። «ማክዶናልድ» በሚለው ስም ውስጥ ያለው «ማክ»፣ ልጅ ማለት ነው፣ በጥንታዊው ዌልስኛ «ማፕ» ይባል ነበር።

ችግሩ የመጣው የአንደበት ዝምድና የአጥንት ዝምድና ተደርጎ ሲወሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ጥናት፣ አራቱም አያቶቻቸው በአንድ አካባቢ የተወለዱ 2,039 የብሪታንያና የሰሜን አየርላንድ ሰዎች ዘረ መል ተመርምሮ ኬልት የሚባል አንድ ወጥ ቡድን አልተገኘም። የኮርንዎል ሰዎች ከዌልሶች ይልቅ ለሌሎቹ እንግሊዛውያን ይቀርባሉ፤ የሰሜንና የደቡብ ዌልስ ሰዎች እንኳ እርስ በርስ ይለያያሉ። ምራቁን ወደ ቤተ ሙከራ ልኮ «ይህን ያህል በመቶ ኬልት ነህ» የሚል መልስ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል።

ከመቃብር የወጣው ዘረ መል ግን ጉዳዩን በዚህ አልዘጋውም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የወጣ፣ የ793 ጥንታውያን ሰዎችን ቅሪት የመረመረ ሥራ እንደሚያሳየው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1000 እስከ 875 ባለው ጊዜ ከዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ የመጡ የሚመስሉ ሰዎች በደቡብ ብሪታንያ በዝተዋል። በኋለኛው የብረት ዘመን በእንግሊዝና በዌልስ ምድር ከኖሩት ሰዎች የዘር ሐረግ ግማሽ ያህሉ ከእነዚህ የተቀዳ ነው። ኬልትኛን ይዘው የመጡት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚለው የተመራማሪዎቹ ግምት ሚዛን ይደፋል። ሆኖም ኬልትኛ በተነገረባት በስኮትላንድ ይህ ለውጥ ጎልቶ አይታይም። በአየርላንድ ጠረፍ በምትገኘው በራትሊን ደሴት የተገኙት ሦስት ሰዎችም ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው የኖሩ ሲሆኑ ከዛሬዎቹ አየርላንዳውያን ጋር ይመሳሰላሉ፤ በምን ቋንቋ ይነጋገሩ እንደነበር ግን አጥንታቸው አይናገርም። ቋንቋ በንግድ፣ በጋብቻና በሥልጣን ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ይሻገራል፤ ስዋሂሊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር ሲዘልቅ ላየ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የማን ደሴት ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ማንክስ በተባለው የኬልት ቋንቋ አፉን ከፈቱት ሰዎች የመጨረሻው፣ ዓሣ አጥማጁ ኔድ ማድሬል፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ዐረፈ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው የደሴቲቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ሕፃናቱን በማንክስ ያስተምራል።