ባንዳ የሚለው ስም በሸዋ ምድር

በኢጣሊያ ልሳን «ባንዳ» ጎን፣ ጥለት፣ ማርሽ የሚመታ የሙዚቃ ጓድ፣ የሽፍታም ጭፍራ እየተባለ በብዙ ፍች የሚነገር፣ በራሱ ነውር የሌለበት ቃል ነው። የኢጣሊያ ቅኝ ገዥዎች ግን በኤርትራ ከአገሬው ተመልምሎ ከመደበኛው የቅኝ ግዛት ወታደር (አስካሪ) ውጭ ለሚዘምተው ጭፍራ መጠሪያ አደረጉት፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው ዘመነ ወረራም፣ ራስ አበበ አረጋይ በመሩት ተጋድሎ ምክንያት ጠላት ዕረፍት ባጣበት በመንዝና በተጉለት፣ በአንኮበርም ደጋና ቆላ፣ አገሩን ከድቶ ለባዕድ ያደረ ሁሉ መጠሪያው ይኸው ሆነ። ፍርዱ የሚገባ ቢሆንም፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ሁሉን በአንድ ሚዛን መዝኗል፤ ቀን የጠላትን ደመወዝ እየበላ፣ ሌሊት ጥይት በእህል ስልቻ ሸሽጎ ለአርበኛው የሚያቀብል፣ ወይም ጠመንጃውን እንደ ታጠቀ ከድቶ ዱር የሚገባ ባንዳም ነበረና። ጠላት ከወጣ በኋላ ግን «የባንዳ ልጅ» የሚለው ስድብ፣ አባት የሠራውን ያላየውን ልጅ እንኳ ሲከተለው ኖረ።