አካሄድን አይቶ ጠባይን መናገር፦ ከከሚሴ መንገድ እስከ ቤተ ሙከራ



ንግግሬ የሚነሣው ሁላችሁም ከምታውቁት ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፦ «አካሄዷን አይተህ ጭብጦዋን ቀማት»። አባባሉ ሰው በእግሩ ስንቁን ይዞ ይጓዝ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል። የሚናገረው በተቀሚዋ አንደበት ሳይሆን በቀማኛው ዓይን መሆኑንም ልብ በሉ።

ከሚሴ አዲስ አበባን ከደሴ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ጣሊያን በወረራው ዘመን የመኪናውን መንገድ ከማሠራቱ በፊት ሰውና ዕቃ በዚህ አገር በአብዛኛው የሚያልፈው በእግርና በጋማ ከብት ነበር። በምዕራብ ደጋው፣ በምሥራቅ የአፋር ቆላ፣ በመካከሉ ቦርከናና የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ አለ። አፋሩ በበጋ ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ወደ ጨፋ ይመጣል፤ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ከእርሱ ጋር በሰንበቴ እሑድ፣ በባቲ ሰኞ ይገበያያል። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ እንግዳ ከመናገሩ በፊት ከሩቅ ይታያል፤ ፊቱ ሳይለይ አረማመዱ ይለያል። በእኔ አስተያየት አካሄድን ማንበብ በመጀመሪያ ራስን የመጠበቂያ ዘዴ ነበር። ከብት የሚገዛ ሰውም በሬውን አስኪዶ ያያል፤ ነገር ግን በሬው ቢያነክስ እግሩ ተዳስሶ ይረጋገጣል። የሰውን ልብ ግን ማን ዳስሶ ያረጋግጣል?

ቋንቋችን ራሱ ዳኝነቱን ቀድሞ ሰጥቷል። መንጎራደድ፣ መንቀባረር፣ መጀነን፣ መንቀዥቀዥ፦ እነዚህ ቃላት እንቅስቃሴን ሲገልጹ ጠባይንም አብረው ይፈርዳሉ። «አካሄዱ አላማረኝም» ያለ ሰው ስለ እግር ይናገር ስለ ዓላማ መለየት አዳጋች ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም በዚህ ጉዳይ ዝም አላሉም። መጽሐፈ ሲራክ አለባበስን፣ ሣቅንና አካሄድን የሰውን ማንነት ከሚገልጡ ምልክቶች ይቆጥራቸዋል። አብዛኛው የዞኑ ሕዝብ የሚቀበለው ቁርኣን በፉርቃንና በሉቅማን ምዕራፎች ስለ አረማመድ ሲናገር ትሕትናንና ልከኝነትን ያወድሳል፣ ኩራትን ይከለክላል። ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ የመጀመሪያው የሌላውን እርምጃ ማንበብን፣ ሁለተኛው የራስን ማረምን ያስተምራል።

በቀድሞው ዘመን በነበረው የሌባ ሻይ ሥርዓት ደግሞ የተጠርጣሪው እርምጃ እንኳ አይታይም ነበር። አደንዛዥ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል።

ወደ ቤተ ሙከራው እንምጣ። ስዊድናዊው ጉናር ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 በተራማጆች መገጣጠሚያ ላይ ትናንሽ መብራቶች አድርጎ በጨለማ አሳየ፤ ተመልካቾች ከጥቂት ነጥቦች ብቻ የሰውን አካሄድ ወዲያውኑ ለዩ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከቲንግና ኮዝሎውስኪ ሰው ወዳጁን በዚሁ መንገድ ሊለይ እንደሚችል አሳዩ። ግሬይሰንና ስታይን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ጥናት ለምሳሌያችን እጅግ የቀረበ ነው፦ በኒው ዮርክ ጎዳና በድብቅ የተቀረጹ እግረኞችን በጥቃት ወንጀል ለተፈረደባቸው እስረኞች አሳይተው ማን ለጥቃት እንደሚመች አስመረጡ፤ የተመረጡትም በአረማመዳቸው ከሌሎቹ ተለይተው ተገኙ።

ይህ ግን ስለ ጥቃት እንጂ ስለ ጠባይ አይደለም። ቶሬሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ተመልካቾች ከአካሄድ ስለ ጠባይ ሲፈርዱ እርስ በርሳቸው ተስማሙ፤ ፍርዳቸው ግን ተራማጆቹ ስለ ራሳቸው ከሰጡት መግለጫ ጋር አልገጠመም።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአጎራባች ወረዳዎች ደም ፈስሷል። ፍርሃት በነገሠበት መንገድ ላይ እንግዳን ከሩቅ አይቶ «የእነ እገሌ ወገን ነው» ለማለት የሚገፋው ስሜት ይበረታል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 51 ለፖሊስ ያለ ማዘዣ የመያዝ ሥልጣን ሲሰጥ በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬን ይጠይቃል። «አካሄዱ አላማረኝም» ያለውን ሰው ዳኛው ምን አይተህ ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ ባልደረቦቹም እንዲሁ ማለታቸውን በምስክርነት ሊቆጥር ይችላል። የ2012ቱ ሙከራ የሚያጠራጥረው በትክክል ይህንን ምስክርነት ነው።