ስንቁን ማን ይሸከም ነበር?

በአገራችን እስር ቤት ለገባ ሰው ምግብ ከቤቱ ይሄድለታል። መንግሥት ቀለብ በሚሰጥበት ዘመን እንኳ ስንቅ ማመላለስ አልቀረም። ሳህኑን በጨርቅ ቋጥሮ፣ ፔርሙሱን አንጠልጥሎ በር ላይ ተሰልፎ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ሚስት ናት፣ እናት ናት፣ ወይም ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ነው። ይህን ያነሣሁት በአገራችን የወንጌል አማኞች ታሪክ ውስጥ የስንቅ ነገር ትልቅ ቦታ ስላለው ነው። ልጆቻችንንና ቤተሰቦቻችንን በቤተ ክርስቲያን የምሕረት አገልግሎት እንዴት እናሳትፍ ብለው ለሚጠይቁኝ ወገኖችም መልስ መፈለግ የምጀምረው ከዚያ ነው።

ታሪኩ የወላይታ ነው። በ1920 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1928) ዶ/ር ቶማስ ላምቢና የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ባልደረቦቻቸው ወደ ጅማ ሊሄዱ ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ነገር ግን ጅማ ሳይደርሱ በደቡብ አገር ሥራ ጀመሩ። ከጣቢያዎቻቸው አንዱ ሶዶ አጠገብ ያለው ኦቶና ነበር። ጣሊያን አገሪቱን ከያዘ በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በእጃቸው የነበረው በቋንቋቸው የተተረጎሙ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ነው። ማንበብ የሚችለውም ሰው ጥቂት ነበር። የወጡት ሚሲዮናውያን ያች ትንሽ ጉባኤ ትተርፍ እንደሆነ በልባቸው ይጠይቁ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ስደት መጣ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። ከታሰሩትና በአደባባይ ከተገረፉት አንዱ ዛሬም በወላይታ ቤተ ክርስቲያን ስማቸው በክብር የሚነሣው ዋንዳሮ ናቸው። ወራሪው ኃይል እስረኛን አይቀልብም ነበር። ዘመድ ያለው ከዘመዱ ይበላል፤ ዘመድ የሌለው ወይም ቤቱ ሩቅ የሆነ ይራባል። አማኞቹ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ምግብ ያመጡ ጀመር፤ ከቤተሰብም ከየአጥቢያውም ይመጣል። የሚመጣው ምግብ እየበዛ ሄዶ ከታሰሩት አማኞች ተርፎ አብረዋቸው የታሰሩትን የማያምኑ ሰዎችም መገበ። ይህን የመዘገቡት የሚሲዮኑ ባልደረባ ሬይመንድ ዴቪስ ናቸው። እንደ እርሳቸው አጻጻፍ፣ ያለ ስብከት የታየው ይህ ፍቅር ብዙዎችን ወደ ጌታ ስቧል። ጣሊያን ተባሮ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ 48 የነበሩት አማኞች ወደ 10,000 ደርሰው አገኟቸው።

ይህን ታሪክ በጉባኤ ስንተርክ ብዙ ጊዜ የምንቆመው ቁጥሩ ላይ ነው። «ከአርባ ስምንት ወደ አሥር ሺህ!» ስንል እልልታው ይቀልጣል። እኔም አብሬ እላለሁ። ዕድገቱን በሙሉ ለስንቁ የምሰጥ ሰውም አይደለሁም፤ ጸሎቱ ነበር፣ ምስክርነቱ ነበር፣ ግርፋቱን የቻለ ጽናት ነበር፣ ከሁሉም በላይ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ምግቡ ጥቂት እንድናስብ እፈልጋለሁ።

የወላይታን ገበሬ ቤት የሚያውቅ ሰው ምግብ እንዴት እንደሚገኝ ያውቃል። እንሰቱ ጓሮ አለ፤ ግን መፋቅ፣ መጭመቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ማብላላት፣ ጋግሮ ማውጣት አለ፤ ይህም በዋናነት የሴቶች ጉልበት ነው። ውኃና እንጨት የሚያመጡት፣ ከብት የሚጠብቁት ልጆች ናቸው። ከዚህ ቤት አንድ እሽግ ቆጮ ወደ እስር ቤት ሲሄድ የመላው ቤተሰብ ድካም አብሮ ይሄዳል። ከማታው ራት ላይ የተቀነሰውንም ልጁ ያየዋል። «ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ለወንድማችን ነው» ይባላል። በማግስቱ ደግሞ «ለእርሱና አጠገቡ ለታሰረው ሰው ነው፤ ያ ሰው ዘመድ የለውም» ይባላል። በየቤቱ ምን ተባለ የሚል መዝገብ የለንም፤ የአገራችንን የቤት ኑሮ ለሚያውቅ ግን ምድጃው ዳር ተቀምጦ ይህን ያልሰማ ልጅ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብደዋል። ትምህርቱን የሰጠ መምህር የለም፤ የምግቡ መቀነስ ራሱ አስተማረ።

እነዚህ አማኞች ሀብታሞች እንዳልነበሩም ልብ እንበል። ዛሬ በየከተማው «አገልግሎት የሚሰጥ» እና «አገልግሎት የሚቀበል» ብለን ቤተሰብን ለሁለት ስንከፍል የድሃው ልጅ ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ ይቀራል። ደብተር ይሰጠዋል፣ ዩኒፎርም ይሰጠዋል፣ ፎቶ ይነሣል። ስጥ ያለው ግን የለም። የወላይታ ልጅ ግን በድህነቱ ውስጥ የሰጪ ቤተሰብ ልጅ ነበር።

ከዚያ ቤት ነው በኋላ ወንጌላውያን የወጡት። የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ሲዳማና ከዚያም ርቀው ሲሄዱ ብዙዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። ቆላው ወባ ነበረበት፤ ቋንቋው ሌላ ነበር። የላከቻቸው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከገበሬው መባ ትደግፋቸው ነበር። በእንግዳ አገር ጎጆ ቀልሶ የሚኖር ቤተሰብን ጎረቤቱ የሚያነበው ከነልጆቹ ነው፤ ስብከቱን ከመስማቱ በፊት ልጆቹ ከልጆቹ ጋር ሲጫወቱ አይቷል።

ይህ የወላይታ ፈጠራ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ የመጀመሪያውን የቆሮንቶስ መልእክት ሊዘጋ ሲል ስለ እስጢፋኖስ ቤተ ሰዎች ይናገራል (1ኛ ቆሮ. 16፥15)። ይህ እስጢፋኖስ በሐዋርያት ሥራ በድንጋይ ተወግሮ የሞተው ሰማዕት ሳይሆን የአካይያ ሰው ነው፤ ጳውሎስ ራሱ ቤተ ሰዎቹን እንዳጠመቀ በዚያው መልእክት መጀመሪያ ላይ ይነግረናል። ቤተ ሰቡ ቅዱሳንን ለማገልገል ራሱን እንደ ሰጠ ይመሰክርለታል። በግሪኩ የገባው ቃል ሰውን በሥራ ላይ ለመመደብ የሚውል ነው፤ እነርሱ ራሳቸውን መደቡ። ኮሚቴ አልመረጣቸውም፤ ጳውሎስም አልሾማቸውም። በዚያ ዘመን «ቤት» ሲባል ደግሞ አባት፣ እናት፣ ልጆችና አገልጋዮች አብረው ይቆጠራሉ። (የሕፃናት ጥምቀትን ክርክር ልከፍት አይደለም፤ እርሱ ለሌላ ቀን ይቆየን።) ሉቃስም ጳውሎስ ከጢሮስ ሲነሣ ደቀ መዛሙርቱ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ከከተማ ውጭ ድረስ ሸኝተውት ባሕር ዳር ላይ ተንበርክከው እንደ ጸለዩ ይተርካል (ሐዋ. 21፥5)። ልጆቹ እዚያ አሸዋ ላይ ተንበርክከዋል። እስራት ወደሚጠብቀው ከተማ የሚሄድ ሰው ሲሸኝ «ይህ ለልጅ አይሆንም» ብሎ ቤት ያስቀራቸው አልነበረም።

ታዲያ ልጆቹን ለብቻ ክፍል ያስቀመጥናቸው መቼ ነው? አንዳንዶች ጥፋቱን በሰንበት ትምህርት ቤት ላይ ይጥላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም የሰንበት ትምህርት ቤት አጀማመር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1780 በእንግሊዝ አገር በግሎስተር ከተማ ጋዜጣ አሳታሚ የነበረው ሮበርት ሬክስ ያን ሥራ ሲጀምር ያሰበው የምእመናንን ልጆች በስብከት ሰዓት ጸጥ ለማሰኘት አልነበረም። በስፒል ፋብሪካና በሌላም ሥራ ስድስት ቀን ሲለፉ ሰንብተው በእሑድ በየመንገዱ ለሚውሉ የድሃ ልጆች ማንበብ ለማስተማር ነበር። መምህራን ቀጠረ፤ ወሬውን በጋዜጣው አሰራጨ፤ ሥራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። ሰንበት ትምህርት ቤት ራሱ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሆኖ ነው የተወለደው። እኛ ዘንድ ሲደርስና ሲለመድ ግን ብዙ ጊዜ የአማኝ ልጅ የሚቆይበት ክፍል ሆነ። መዝሙር አለ፣ ሥዕል አለ፣ ብስኩት አለ፤ ወደ ውጭ የሚያወጣው በር ግን ተዘጋ።

የእኛ አገር ታሪክ ደግሞ አንድ ጊዜ ያን በር በግድ ከፍቶት ነበር። በ1974 ዓ.ም. ጥር ወር ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፤ ሕንፃዎቿን፣ ናዝሬት የነበረውን ትምህርት ቤቷን ጨምሮ፣ ወረሰ፤ መሪዎቿን አሰረ፤ አንዳንዶቹም ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ያኔ የአባላቱ ቁጥር ወደ 5,000 ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ወድቆ ወደ አደባባይ ስትወጣ ወደ 34,000 ተጠግታ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ቤተ ክርስቲያን የምትሰበሰበው በየመኖሪያ ቤቱ፣ በጥቂት በጥቂት ሰው ሆኖ ነበር። ሌሎች የወንጌል አብያተ ክርስቲያናትም ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። በዚያ ዘመን ያለ እናቶች ምንም አይሆንም ነበር፤ ቤቱ የእነርሱ፣ ቡናው የእነርሱ፣ እንግዳ የማስተናገዱ ድካምም የእነርሱ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ። የእኛ የልጆቹ ሥራ ደጃፍ ላይ የወለቀውን ጫማ ቶሎ ቶሎ ወደ ውስጥ ማስገባት ነበር፤ የጫማው ብዛት የሰዉን ብዛት ይናገራላ። ማን ወደ ግቢው እንደገባ የምናይም እኛ ነን። የታመመች እናት ስትኖር እንጀራና ወጥ ይዘን የምንላከው እኛ ነን፤ ልጅ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚጠረጥረው የለም። ማንም «እናንተ የነገዋ ቤተ ክርስቲያን ናችሁ» ብሎን አያውቅም። የዚያን ዕለቷ ቤተ ክርስቲያን ጫማ እጃችን ላይ ነበር። ስደቱን እየናፈቅሁ አይደለም፤ ልጅ ያን ያህል ምስጢር መሸከም የለበትም፤ ፍርሃቱ እስከ ዛሬ ያልለቀቃቸው እኩዮች አሉኝ። እግዚአብሔር ነጻነትን ስለ ሰጠን አመሰግናለሁ።

ነጻነቱ ሲመጣ አዳራሽ ሠራን። መሥራትም ነበረብን፤ ሕዝቡ በዝቷል። አገልግሎቱም በየዘርፉ ተከፈለ፤ የልማት ክፍል፣ የምሕረት ክፍል፣ የጉብኝት ክፍል፣ የልጆች ክፍል። ክፍፍሉ ለሥራ ይመቻል። ግን አንድ አባት የምሕረት ክፍል አባል ሆኖ ቅዳሜ ከሰዓት አረጋውያንን ሲጠይቅ ይውልና ልጁ አባቱ የት እንደዋለ አያውቅም። የሚያውቀው «ስብሰባ አለው» የሚለውን ነው። እናቱም መዘምራን ልምምድ ላይ ናት። ያ ልጅ ቤተ ክርስቲያንን የሚያውቃት ወላጆቹን የምትወስድበት ቦታ አድርጎ ነው። በ18 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጉባኤ መሄድ ካቆመ፣ ወላጆቹ ምን አጎደልን ብለው ወደ እኔ ቢሮ ያለቅሳሉ። መዝሙሩን በቃሉ ያውቃል፤ የማስታወሻ ጥቅሶቹንም ያውቃል። በጌታ ስም አንድም ቀን ሳህን ተሸክሞ የማንንም በር ግን አላንኳኳም።

ወላጆች የሚያነሡት መከልከያ አለ፤ መልስም ይገባዋል። «ጥናት አለበት» የሚለው አያሳምነኝም፤ ሁለት ሰዓት እግር ኳስ የሚያይ ልጅ ሰላሳ ደቂቃ አያጣም። «ልጁ ይደነግጣል፣ በሽታ ያያል» የሚለው ግን ከባድ ጥያቄ ነው። ልጅን ብቻውን ወደማያውቀው ሰው ቤት አንልክም። ወላጅ አብሮ ይሂድ፤ ስለሚያየው አስቀድሞ ይንገረው፤ ሲመለሱም መንገድ ላይ ያውራው። ካሜራው ደግሞ ቤት ይቅር። ልጆቻችን ለአንዲት አሮጊት ዘይት ሲሰጡ ፎቶ አንሥተን የምንለጥፍ ከሆነ ልጁ ስለ እናቲቱ ሳይሆን ስለ ራሱ ተማረ ማለት ነው፤ እርሷም በገዛ ቤቷ ተዋረደች።

በየአጥቢያው ሽማግሌዎች እጅ የአረጋውያን፣ የሕመምተኞችና የታሰሩ ሰዎች ቤተሰቦች ዝርዝር አለ። ያ ዝርዝር ከቢሮው ፋይል ወጥቶ ለቤተሰቦች ቢከፋፈል፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ፣ ለአንድ ዓመት ቢሰጥ እወዳለሁ። አባትየው የቤት ኪራዩን ነገር ይጠይቅ፤ እናቲቱ መድኃኒቱን ትጠይቅ፤ ትልቋ ልጅ ዓይናቸው ለደከመው እማማ መጽሐፍ ቅዱስ ታንብብላቸው፤ ትንሹ ውኃ ይቅዳ፣ ሲወጡም ጫማቸውን ያቀብላቸው። የራሱ ጓዳ ባዶ የሆነ ቤተሰብም ከዚህ አይቅር፤ ያለ ምንም ሄዶ ቡና ማፍላት ይቻላል፤ ቡናውን የሚጠየቁት ሰው ራሳቸው ቢያወጡም ደስታው የእርሳቸው ነው። በሚቀጥለው ወር ልጁ ራሱ «እማማን መቼ ነው የምንሄደው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያን ቀን ቅዳሜ የነበረውን ስብሰባችሁን ሰርዙ።