ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

ፊታውራሪ፣ ኋላም በጅሮንድ፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም (ሰኔ 1876 – ሚያዝያ 1969 ዓ.ም.) በሩሲያ የሠለጠኑ የመድፍ መኮንን፣ የእርሻ ባለሙያ፣ አገረ ገዥ፣ ዲፕሎማትና የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ዋና አርቃቂ ነበሩ። ለመድረክ ከተጻፉ የአማርኛ ተውኔቶች የመጀመሪያው ነው የሚባለው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ም የእርሳቸው ሥራ ነው።

ልደትና አስተዳደግ

የተወለዱት በሸዋ፣ ሲያደብር ነው። ስፍራው በዛሬው የሰሜን ሸዋ ዞን ይገኛል። የቤተ ክህነት ትምህርት ከጀመሩ በኋላ ገና በልጅነታቸው ሐረር ወርደው ከአገረ ገዥው ከራስ መኰንን ቤት ገቡ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሲካሄድ የ11 ዓመት ልጅ ሆነው ከራስ ሠራዊት ጋር ዘምተው ነበር።

በሩሲያና በአውሮፓ

ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተላኩ። ጉዞው የተቃናው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በታወቀው በሩሲያዊው ኒኮላይ ሌዎንትዬፍ በኩል እንደሆነ ይነገራል። በሴንት ፒተርስበርግ ሚካይሎቭስኪ የመድፍ ትምህርት ቤት ገብተው በመኮንንነት ተመረቁ። አንዳንድ ጽሑፎች እስከ ኮሎኔልነት እንደደረሱ ይናገራሉ። ሩሲያ ከአሥር ዓመት በላይ ሲቆዩ አገሪቱ በጃፓን የተሸነፈችበትን የ1904–1905 (እ.ኤ.አ.) ጦርነትና የ1905ን አብዮት አይተዋል። በኋላ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተሻግረው እርሻ አጠኑ።

አስተዳደር

ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ የዐፄ ምኒልክን ወራሽ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ባወረደው የ1909 ዓ.ም. እንቅስቃሴ ተሳታፊ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጅጅጋን፣ ቀጥሎም ጨርጨርን አስተዳደሩ። ጨርጨርን ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ የሚሆን አውራጃ ለማድረግ የታቀደው በእርሳቸው ዘመን ሲሆን፣ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ስም የተሰየመችውን አሰበ ተፈሪን (የዛሬዋን ጭሮ) የቆረቆሩትም እርሳቸው ናቸው።

«ፋቡላ» እና የዘመኑ ክርክር

ተውኔቱ እንስሳትን እያናገረ የሹማምንትን ጉቦኝነትና ስንፍና የሚነቅፍ ሲሆን፣ ይዘቱ ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ጋር ይያያዛል። አዲስ አበባ በሚገኘው ቴራስ ሆቴል በመኳንንትና በውጭ አገር እንግዶች ፊት እንደታየ ይተረካል። ስለ አጀማመሩ በሰፊው የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ደራሲው ቴያትር ታያለህ ተብለው ተጠርተው ቢሄዱ ያዩት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነባቸው፤ እውነተኛው ቴያትር ምን እንደሚመስል ለማሳየትም ብዕራቸውን አነሱ።

መቼ ታየ በሚለው ላይ ጸሐፊዎች አይስማሙም። ከፊሎቹ እ.ኤ.አ. 1912ን፣ ሌሎች 1916ን፣ ብዙዎች ደግሞ 1920 ወይም 1921ን ይጠቅሳሉ። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት የዘመን አቆጣጠር መቀላቀል ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1912 ዓ.ም. የተባለው በአውሮፓ አቆጣጠር 1919/20 ነውና፣ ቁጥሩን እንዳለ የወሰደ ጸሐፊ ተውኔቱን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጥያቄው ለታሪክ ጸሐፊው ቀላል አይደለም። የፊተኛው ዓመት ከተያዘ ነቀፌታው የሚያርፈው በዐፄ ምኒልክ የሕመም ዘመን ሹማምንት ላይ ሲሆን፣ የኋለኛው ከተያዘ ደግሞ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ላይ ይሆናል። በብዛት እንደሚተረከው ተውኔቱን ያገዱት ዘውዲቱ መሆናቸው የኋለኛውን ግምት የሚደግፍ ይመስላል። ከእገዳው ወዲህ የቴያትር ሥራ እንደገና የተነቃቃው ጸሐፌ ተውኔቶቹ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ብቅ ካሉ በኋላ ነው።

ሕገ መንግሥቱ

አልጋ ወራሽ ተፈሪ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት እንዲያረቁ ለተክለ ሐዋርያት ትእዛዝ ሰጡ። የተማሩት መድፍና እርሻ እንጂ ሕግ አልነበረም። ዋና አርአያ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ሁለቱም በሰባት ምዕራፍ የተከፈሉ ሲሆኑ፣ የጃፓኑ 76፣ የኢትዮጵያው 55 አንቀጾች አሉት። ጃፓን የተመረጠችው ዘውዷን ሳትጥል የሠለጠነች አገር ተብላ በመታየቷ እንደሆነ ይታመናል። እንዲህ ያስቡ የነበሩ ምሁራን ተክለ ሐዋርያትን ጨምሮ ኋላ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ «ጃፓናይዘሮች» ተብለዋል።

ረቂቁ ሲመከርበት መሳፍንቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ግዛታቸው በሕጉ እንዲጸና ጠይቀው እንደነበር ይጠቀሳል። የጸደቀው ሰነድ ግን ሥልጣንን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አጠበቀ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን ደግሞ መኳንንትና የአገር ሹማምንት ይመርጣሉ እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሰነዱ ሲፈረም ይዘቱን ለታዳሚው ያብራሩት ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ እስከ 1948 ዓ.ም. ማሻሻያ ድረስ ጸንቷል።

ጄኔቭ

በጅሮንድ ሆነው የገንዘብ ሚኒስቴርን ከመሩ በኋላ ወደ አውሮፓ ተልከው በጄኔቩ የመንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን ወከሉ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ከኢጣሊያ ጋር ግጭት ከተነሣ ወዲህ የኢትዮጵያን አቤቱታ ለማኅበሩ ምክር ቤት ያሰሙ የነበሩት እርሳቸውና ፈረንሳዊው የሕግ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ናቸው። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ዤዝ ሲናገሩ የኢጣሊያው መልእክተኛ አሎይዚ አዳራሹን ረግጠው ወጡ። ዤዝ ለኢትዮጵያ በመቆማቸው በፓሪስ የቀኝ ክንፍ ተማሪዎች ትምህርታቸውን እስከ ማወክ ደርሰውባቸዋል።

ስደትና ፍጻሜ

ኢጣሊያ ስትወር ወደ አገር ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው መሄዳቸውን ተቃውመው እንደነበር ይነገራል። ራሳቸውም ተሰደው ማዳጋስካር ውስጥ በእርሻ ሥራ ኖሩ። ወደ አገር የተመለሱት ኢጣሊያ ድል ሆና ከወጣች በኋላ ወዲያው ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከዚያም ሒርና ላይ አርሰው ኖሩ።

ቤተሰብ

የ«አርአያ» ልቦለድ ደራሲ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ልጃቸው ናቸው።

ምንጭ ሆኖ የሚያገለግለው ማስታወሻ

የራሳቸው የሕይወት ታሪክ «ኦቶባዮግራፊ» በሚል ርእስ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ስለ ልጅነታቸውና ስለ ሩሲያ ዘመናቸው የሚጻፈው አብዛኛው ከዚህ መጽሐፍ የሚቀዳ ነው። ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለነበራቸው ቅሬታ የሚናገሩት ገጾች ግን የአንድ ወገን ምስክርነት በመሆናቸው ከሌሎች የዘመኑ ጽሑፎች ጋር ተመሳክረው ሊነበቡ ይገባል።