ተቀበል፤ የጎንደር አዝማሪና አድማጩ

ከአድዋ በኩል ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ድብ ባሕር ሲደርስ አንገቱን ቀና አድርጎ ሽቅብ ያያል። ቆላው በዚያ ያበቃል፤ ከፊቱ የሚጠብቀው የሊማሊሞ ዳገት ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ጠመዝማዛው የመኪና መንገድ ከመቀደዱ በፊት፥ ከምፅዋ ወደብ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ ይህን ገደል በበቅሎና በእግር ይወጣው ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ ጎንደር የገባው ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። ደጋውን ረግጦ፥ በደባርቅና በዳባት አልፎ ከተማይቱ የደረሰ ሰው በመጀመሪያ የሚሻው እህል ውሃና መኝታ እንደሆነ ግልጽ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚሻው ጨዋታ ነው።

የጨዋታው ዓይነት ብዙ ነበር። እረኛ መሬት ቆፍሮ በጠጠር ገበጣ ይጫወታል፤ ጎረምሳ በልደት ሰሞን የገና ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወርዳል፤ ፈረስ ያለው በበዓል ጉግስ ይጋልባል፤ መኳንንቱ ሰንጠረዥ ይዘረጋሉ። እነዚህ ሁሉ ግን ዕድሜና ማዕረግ፥ ወቅትም ይመርጣሉ። ገበሬውንና ነጋዴውን፥ ወታደሩንና ደብተራውን በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀምጦ እኩል የሚያስቅና እኩል የሚያስተክዝ አንድ መዝናኛ ቢኖር የአዝማሪ ጨዋታ ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው። ማሲንቆ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ገበቴ በቆዳ ተለብጦ፥ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ተወጥሮበት፥ ደጋኑም እንዲሁ ከፈረስ ጭራ ተሠርቶ የሚመታ ነው። ከዚህች አንዲት ክር ትዝታውም፥ ባቲውም፥ አምባሰሉም፥ አንቺ ሆዬውም ይወጣል። አዝማሪው ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ ሚስቱ ወይም እኅቱ አብራው ትዘፍናለች፥ ከበሮ ትመታለች፥ እስክስታ ትወርዳለች። ጠጅ ቤት ገብተው ብርሌ በያዙ ሰዎች መካከል ይቆማሉ፤ የአንዱን ቁመና፥ የሌላውን ጋቢ፥ የሦስተኛውን ዝምታ እያነሡ በግጥም ያወድሳሉ፤ ነካ ነካም ያደርጋሉ። ደስ ያለው አድማጭ ተነሥቶ ብሩን ከአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል።

የዚህ መዝናኛ ነፍስ ግን ያለው በአንዲት ቃል ላይ ነው። አድማጩ ብርሌውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይላል። ከዚያም የራሱን ስንኝ ይናገራል፤ አዝማሪውም ቃሉን ሳያዛንፍ ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ስለዚህ በአዝማሪ ፊት የተቀመጠ ሰው ተመልካች ብቻ ሆኖ አይውልም፤ ገጣሚም ይሆናል። ጎረቤቱን ሊወጋ ይችላል፤ የከዳችውን ሴት ሊያስታውስ፥ የሞተ ወንድሙን ሊያለቅስ፥ በቀን በአደባባይ ሊናገረው የማይደፍረውንም ነገር በሌላ ሰው አፍ ሊያሰማ ይችላል። ነገሩ ቢገለጥ እንኳ ማን አለው? አዝማሪው የተቀበለውን ነው የዘፈነ፤ ተናጋሪውም የዘፈነ አይደለም።

ለዚህ መሸሸጊያ የሚሆነው ሰምና ወርቅ ነው። የአማርኛ ቃል በአንድ ድምፅ ሁለት ነገር ሲናገር አዝማሪ ወዲያው ይይዘዋል። «ተማረ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ፥ ዕውቀት ቀሰመ ማለት ነው፤ ምሕረት ተደረገለት ማለትም ነው። የአንድ ሹም ልጅ ተማረ ተብሎ ቢዘፈን አባት ይኮራ ይሆናል፤ የልጁን ጥፋትና የዳኛውን ውለታ የሚያውቅ ታዳሚ ግን ወደ ብርሌው አቀርቅሮ ይስቃል። በቅኔ ያደገች ጎንደር ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የተሰናዳ ጆሮ እንደነበራት ለማመን አያስቸግርም። ደብተራው በግእዝ የሚያደርገውን ጠጅ ቤቱ በአማርኛ ያደርገው ነበር፤ ምንም እንኳ ደብተራው ንጽጽሩን ሲሰማ ፊቱን ቢያኮሳትር።

ይህ ሳቅ አንዳንድ ጊዜ በደም ተከፍሎበታል። ብሩስ በዐይኑ ያየውን አንድ ነገር ጽፎ አስቀርቷል። በዘመኑ ጎንደር ዘፋኝም፥ ግጥም ገጣሚም፥ ቀልደኛም የሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ ለሠርግና ለበዓል በየደጃፉ እየዞሩ የሚጫወቱ፥ ከዘመቻ የሚመለስንም ጌታ በውዳሴ የሚቀበሉ። ራስ ሚካኤል ስሑል ድል አድርገው ሲገቡ ብዙ ጊዜ አወድሰዋቸው ሽልማት ተቀብለዋል። በ1762 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ወደ ትግራይ ሲያፈገፍጉና ከተማይቱ በጠላቶቻቸው እጅ ስትገባ ግን፥ እነዚያው ዘፋኞች እግራቸው ማንከሱንና ማርጀታቸውን እያነሡ በአደባባይ ተሳለቁባቸው። በ1763 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ራስ ሚካኤል ንጉሡን ዐፄ ተክለ ሃይማኖትን ይዘው ተመለሱ። ዘፋኞቹም እንደ ልማዳቸው የእንኳን ደኅና ገቡ ዘፈን ይዘው መንገድ ላይ ጠበቋቸው። ፈረሰኞች ተለቀቁባቸውና ሠላሳ ያህሉ በቅጽበት አለቁ። አንድ ወጣት ብቻ ቆስሎ እየተንገዳገደ ንጉሡ ከተቀመጡበት ፈረስ ጥቂት ርምጃ ላይ ሲደርስ ወድቆ ሞተ።

ራስ ሚካኤል የተቆጡት በምንድን ነው? የጦር ምሥጢራቸው አልወጣም፤ ወታደራቸውም በዘፈን ምክንያት አልከዳቸውም። ከተማው ስቆባቸው ነበር፤ ያ ብቻ ነው። ንጉሥ ሲያነግሡና ሲያወርዱ የኖሩት ሽማግሌ ያን ሳቅ ከጦር ይልቅ ከባድ አድርገው ቆጠሩት። የገደሏቸው ሰዎች የከተማውን ሳቅ ተቀብለው መልሰው ያሰሙ እንጂ ሳቁን የፈጠሩት እነርሱ ብቻ እንዳልነበሩም ሳያውቁት አይቀሩም።

የጎንደር ቤተ መንግሥት ኃይል ሲመነምን የአዝማሪውም ገበያ ተለወጠ። በ1628 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ፋሲል የተቆረቆረችው ከተማ በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ተዘርፋ ተቃጠለች፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች መዘበሯት። ግብር የሚያበላ ጌታ ሲጠፋ አዝማሪው ወደ ገጠሩ ሠርግና ወደ ገበያው ጠጅ ቤት አዘነበለ። ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ያለው የሠርግ ወራት ዋና የመኸሩ ጊዜ ሆነ፤ ጾሙ ሲገባ ማሲንቆው ይሰቀላል።

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር ተብላ የታወቀችው በዚሁ ሙያ ነው። ልጅ ማሲንቆን የሚማረው ከአባቱ፥ ከአጎቱና ከታላቅ ወንድሙ እግር ሥር ተቀምጦ ነው። ሌላው ሰው የማይሰማው የእርስ በርስ ቋንቋም አላቸው፤ በእንግዳ ፊት ቆመው ማን ለጋስ እንደሆነና መቼ መሄድ እንደሚገባ የሚመካከሩበት። ይህን ቋንቋ እንደ ተንኮል የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የዕለት እንጀራው በሰከረ ሰው መዳፍ ላይ ለሆነ ባለሙያ ያለ እንዲህ ያለ መሣሪያ መኖር እንዴት ይቻለዋል? ያለ እነርሱ ሠርጉ ደምቆ የማያውቀው ገበሬ ልጁን ለአዝማሪ ልጅ ለመዳር አይፈቅድም ነበር፤ «አዝማሪ» የሚለው ስምም እንደ ስድብ ሲወረወር ኖሯል። የተቀበሉለትን ስንኝ ወስዶ ሰውየውን መናቅ የአድማጩ ጥፋት እንጂ የሙያው አይደለም።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ሲይዝ ለከተማይቱ ሲኒማ ቤት ሠራላት። አዝማሪን ግን ፈራ። በየአገሩ ማሲንቆ ይዘው አርበኞችን የሚያወድሱ አዝማሪዎች ይሳደዱና ይገደሉ ነበር። ባዕዱ ወራሪም ሰምና ወርቁን ባይፈታው እንኳ የአድማጩን ፊት ማንበብ ይችል ነበርና።

ከነፃነት በኋላ ማሲንቆ ወደ መድረክ ወጣ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር እንደ ጌታመሳይ አበበ ያሉ የማሲንቆ ባለሙያዎች የታወቁበት ቤት ሆነ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ማሲንቆን ከክራር፥ ከዋሽንትና ከበገና ጋር አሰለፈው። ከአብዮቱም በኋላ በጎንደር የፋሲለደስ የኪነት ቡድን የአካባቢውን ዘፈን በመድረክ አሳየ። ለሙያው ክብር የተጨመረበት ዘመን መሆኑ አይካድም። ይሁንና መጋረጃ ተከፍቶ መብራት ሲበራ አድማጩ በጨለማ ወንበር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ሆኖ «ተቀበል» ቢል ሥርዓት እንደሌለው ይቆጠራል። ማሲንቆው ሲከበር ስንኝ ሰጪው ዝም አለ።

በዚያው ዘመን ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስም ሌሊቱን ከሰው ነጠቀ። የአዝማሪ ጨዋታ የሚሟሟቀው ሁለተኛውና ሦስተኛው ብርሌ ካለፈ በኋላ ነው፤ በጊዜ ወደ ቤቱ ለመሮጥ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ግጥም አይመጣለትም። እገዳው ሲነሣ በአዲስ አበባ፥ በካዛንችስና በዮሐንስ ሠፈር፥ አዝማሪ ቤቶች በርከት ብለው ተከፈቱ። ከጎንደር፥ ከጎጃምና ከወሎ የመጡ ልጆች ማሲንቆአቸውን አንግተው ከገበታ ገበታ መዞር ጀመሩ፤ ያቺ አሮጌ ቃልም ተመልሳ ተሰማች። አብዛኛው የካዛንችስ ሠፈር በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። በጎንደርም ምድር ቢሆን ሌሊቱ ሁልጊዜ በሰላም አላለፈም፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ሊማሊሞ ግርጌ፥ እስከ ድብ ባሕር ደርሶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ።

ለጥምቀት ጎንደር የወረደ ሰው ታቦታቱ ከፋሲል መዋኛ ከተመለሱ በኋላ ማታ ወደ አንድ አዝማሪ ቤት ጎራ ቢል የሚያየው አዲስ ነገር የለም። ከማዕዘኑ አንድ ሰው «ተቀበል!» ይላል፤ ሁለት ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል፥ ደጋኑ ብቻ ይሰማል፤ ታዳሚውም ሁሉ በዚያች ጸጥታ ውስጥ ወርቁን ለመያዝ ይሽቀዳደማል።