የደላንታ ማኅበርተኞች

«የላም በረት» አትበሉኝ፤ የማወራው ተረት አይደለም። ቦታው ወሎ ነው፤ ደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ፣ ቁልቁል ሲያዩት ራስ የሚያዞር ገደል አፋፍ ላይ። ጊዜው ግን ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሰው የለም። ገደሉም ራሱ ገና የለም።

ምድር ተሰነጠቀች። ከሆዷ የወጣው ቅልጥ አለት ሜዳውን አለበሰው፤ በረደ፤ ሌላ መጣና በላዩ ተኛ፤ ደግሞ ሌላ። ደጋውን ተሸክሞ ያለው ጥቁሩ ባዝልት የዚያ ንብርብር ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቅልጡ ሲበርድ ሲሊከኑ፣ ኦክስጅኑ፣ ብረቱና ካልሲየሙ እንዲሁ አልረጉም። የሚስማማቸውን እየፈለጉ በሥርዓት ተሰለፉ፤ ጥቁሩ ፓይሮክሲን፣ ነጣ ያለው ፕላጂዮክሌዝ፣ አልፎ አልፎም አረንጓዴው ኦሊቪን ተወለዱ። ማዕድን የምንላቸው እነዚህን ነው፤ የታወቀ ቀመርና የራሳቸው የአተም አሰላለፍ ያላቸውን። አለት ቀመር የለውም። አለት ማኅበር ነው፤ ማዕድናቱ ደግሞ ማኅበርተኞቹ። ባዝልትን ባዝልት ያሰኘው ማን ከማን ጋር፣ በምን ያህል መጠን እንደተቀመጠ ነው። አባላቱ ሲለወጡ የማኅበሩም ስም ይለወጣል።

ወደ ደላንታ ልመለስ። ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ) የበዛበት፣ ወፍራምና ዝልግልግ ቅልጥ ደግሞ ተነሣ። እንደ ባዝልቱ መፍሰስ አቃተውና ፈነዳ። ትኩስ አመዱ ወርዶ ተከመረ፣ ተጣብቆም ኢግኒምብራይት የሚባል አለት ሆነ። ከአመዱ ብዙው ግን በቅጽበት ስለ በረደ አተሞቹ ለመሰለፍ ጊዜ አላገኙም፤ ብርጭቆ ሆነው ቀሩ። ማኅበር ሳይገቡ የቀሩ ናቸው።

እንዲህ ያለ ብርጭቆ ውኃ አይችልም። ዝናቡ ወደ ውስጥ እየሰረገ ብርጭቆውንም በአለቱ ያለውን ፌልድስፓር የሚባል ማዕድንም አፈረሰ። ከፊሉ ሸክላ ሆነ፤ ሲሊካው በውኃው ሟሙቶ ሄደና በአለቱ ቀዳዳና ስንጥቅ ውስጥ ረጋ። ኦፓል ማለት ይኸው ነው። ሰዉ አለቱን እንደ ገለባ ቆጥሮ ዕንቁውን ብቻ ያወድሳል እንጂ ዕንቁው የዚያው የአለቱ ሥጋ ነው።

«ኦፓልስ ማዕድን ነው ወይ?» ብላችሁ ከያዛችሁኝ፣ ጠንቃቆቹ ባለሙያዎች «ማዕድን መሰል» ይሉታል፤ አተሞቹ እንደ ኳርትዝ በሥርዓት አልተሰለፉምና። ቀለሙም ከአተም ሰልፍ የመጣ አይደለም። በዓይን የማይታዩ የሲሊካ እንክብሎች ተደርድረው ብርሃኑን ሲበትኑት ነው ቀዩና አረንጓዴው የሚጫወተው። የደላንታው ደግሞ ውኃ ይጠጣል! ነክራችሁ ብታቆዩት ቀለሙ ይጠፋና መስተዋት ይመስላል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይመጣል።

በ2000 ዓ.ም. የኦፓሉ ወሬ ወጣ። ጎልማሳው መዶሻና ዶማ ይዞ ገደሉ ወገብ ላይ ተንጠለጠለ። ኦፓል ያለበት ንብርብር ውፍረቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እሱን ተከትሎ ወደ ተራራው ሆድ መግባት ነው። የሚናድበት አለ፤ የሚወድቅም አለ።

ከገደሉ በላይ፣ ሜዳው ላይ፣ ሌላ ሰው በሬ ጠምዷል። ጥቁሩ አፈር ባዝልት የነበረ ነው፤ ፓይሮክሲኑና ፕላጂዮክሌዙ በዝናብ ፈርሰው ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የሸክላ ማዕድን ሆነዋል። ክረምት ሲገባ የበሬውን እግር ይዞ አልለቅ የሚለውም እሱው ነው።