የፍሬን ሸራና ዲስክ ሲቀየር ምን መታየት አለበት?

ሮቢት ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከጎብዬ እስከ ቆቦ የሚመላለስ አሽከርካሪ ፍሬኑን እምብዛም አይፈትነውም፤ ባጃጅ፣ ጋሪ ወይም የከብት መንጋ ሲገጥመው ፍጥነቱን ቀንሶ ያልፋል። ከራያ ቆላ ወጥቶ ርቆ የሚሄድ መኪና ግን ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በሰሜን አላማጣን ከኮረም የሚያገናኘው የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ አለ። በደቡብ ከወልድያ ወደ ጋሸና ሲታጠፍ የድልብ ዳገት፣ ወደ አዲስ አበባ ሲዘለቅ ደግሞ ከደሴ በኋላ ሐረጎ፣ ቀጥሎም ጣርማ በር አለ። በሜዳው የማይታወቅ የፍሬን ጉድለት የሚገለጠው በእነዚህ ቦታዎች ነው።

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው የጉዞውን ኃይል ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ኮረም ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አላማጣ 1 ሺህ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከነጭነቱ ሁለት ቶን የሚመዝን ፒክአፕ ይህን አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ ከወረደ ከዚህ ኃይል ብዙውን ሞተሩ ይሸከመዋል። ነዳጅ ይቆጠባል ብሎ በፎሌ ከለቀቀው ግን አብዛኛው ጫና በሸራው፣ በዲስኩና በታምቡሩ ላይ ይወድቃል። ሸራው ከአቅሙ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አይቆምም። የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይሰምጣል።

በአብዛኞቹ የቤት አውቶሞቢሎችና ፒክአፖች ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ይገኛል። መኪናው ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ ቀድሞ የሚያልቀው የፊቱ ሸራ ነው። ከብረት መደገፊያው ላይ የቀረው የሸራ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። የመፋጨት ድምፅ እስኪሰማ መጠበቅ ብረት በብረት ላይ እስኪሄድ መጠበቅ ነው፤ ያን ጊዜ ከሸራው ጋር ዲስኩም ይበላሻል።

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚሠራው በዲስኩ ላይ ነው። ባለንብረቱ አዲስ ሸራ ገዝቶ በተቦረቦረ አሮጌ ዲስክ ላይ ያስገጥማል፤ ወይም ዲስኩን ቶርኖ ቤት ወስዶ ያስልጠዋል። ማስላጥ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን በአብዛኞቹ ዲስኮች ጠርዝ ወይም መሐል ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈ ዝቅተኛ ውፍረት አለ፤ ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ መጣል አለበት። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት ስለሚያንሰው ቶሎ ይግላል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ከመላጡ በፊትም በኋላም በመለኪያ ማስለካት ይገባል፤ በዓይን አይቶ «ገና ነው» ማለት አያስተማምንም። በዲስኩ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ፣ እስከ ጠርዙ የደረሰ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ምርመራው ለነገ አይባልም።

ወደ መለዋወጫ መደብር ሲኬድ የመኪናውን ስም መናገር ብቻ አይበቃም። አንድ ስም ያለው ሞዴል እንደ ምርት ዘመኑና እንደ ሞተሩ የተለያየ ዲስክ ሊኖረው ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ጽፎ፣ ከተቻለም አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ ይመረጣል። አሮጌውና አዲሱ ዲስክ ጎን ለጎን ተቀምጠው የዙሪያቸው ስፋት፣ ቁመታቸው፣ የመሐል ቀዳዳቸውና የቡሎን ቀዳዳዎቻቸው ቁጥር መመሳሰል አለባቸው። ውፍረቱ የሚነጻጸረው ለአዲስ ዲስክ በተቀመጠው ልክ ነው፤ አሮጌው አልቋልና። በመሐሉ የአየር መተላለፊያ ያለውን ዲስክ መተላለፊያ በሌለው መተካት ለቁልቁለት የሚያስፈልገውን ማቀዝቀዣ ማጣት ነው።

ሸራ በሥሪቱ በሦስት ይከፈላል። ብረት ያልበዛበት፣ ከቃጫና ከሙጫ የሚሠራው ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዋጋውም የሚቀንስ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ግን ቶሎ ይደክማል። ብረት የተቀላቀለበት ዲስኩን ይበልጥ ሊበላ፣ ሊጮህም ይችላል፤ ሆኖም ሙቀትን ስለሚቋቋም ሽንኩርት ወይም ማሽላ ጭኖ ዳገትና ቁልቁለት ለሚመላለስ መኪና የሚስማማው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ሴራሚክ የሚባለው አቧራውም ድምፁም አነስተኛ ስለሆነ ለከተማ አውቶሞቢል ጥሩ ነው። «ሴራሚክ» የሚለውን ቃል በካርቶን ላይ ማተም ግን ማንም ይችላል። በብዙ ሸራዎች ጀርባ ላይ ከሚታተመው ቁጥር ጋር እንደ «ኤፍ ኤፍ» ወይም «ጂ ጂ» ያሉ ሁለት ፊደሎች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ሸራው በመካከለኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት የሚኖረውን የመያዝ አቅም ያመለክታል። «ጂ» ከ«ኤፍ»፣ «ኤፍ» ከ«ኢ» ይበልጣል። ሁለተኛው ፊደል ዝቅ ካለ ሸራው ሲግል ይዳከማል ማለት ነው፤ ለቁልቁለት ተጓዥ ከመጀመሪያው ይልቅ እርሱን ማየት ይጠቅመዋል።

ዕቃው ከቆቦ ይገዛ ከወልድያ፣ ወይም ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ይምጣ፣ ፎርጅድ ሊያጋጥም ይችላል። በካርቶኑና በሸራው ጀርባ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። የአራቱ ሸራዎች ግጣም የተስተካከለ፣ ጠርዛቸው በጥፍር ሲፋቅ የማይረግፍ፣ ከብረቱ ጋር ያላቸው መጋጠሚያ ክፍተት የሌለበት ሊሆን ይገባል። በክብ ውስጥ የ«ኢ» ፊደልና ቁጥር ከነማጽደቂያ ቁጥሩ ያለበት ዕቃ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90 የተፈተሸ መሆኑን ያሳያል። ምልክቱም ሊመሳሰል ስለሚችል የዕቃው ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ መቀበል አይዘነጋ።

የሚቀየረው ሁልጊዜ በጥንድ ነው፤ የግራው ሲቀየር የቀኙም ይቀየራል። በአንድ ጎን ብቻ አዲስ የተገጠመለት መኪና ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል። በአዲስ ዲስክ ላይ ያገለገለ ሸራ መመለስም አይመከርም። አዲሱ ዲስክ እንዳይዝግ የተቀባው ዘይት በፍሬን ማጽጃ ይጠረጋል። የአሮጌው ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ የተባለውን ካንሰር አምጪ ማዕድን ሊይዝ ስለሚችል በኮምፕረሰር አየር አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ። የፍሬን ዘይት እርጥበት እየሳበ የመፍያ ሙቀቱ ስለሚወርድ በየሁለት ዓመቱ ገደማ መለወጥ አለበት። ዶት 3 ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። በቦታው የሞተር ዘይት መጨመር ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ፍሬኑን ያጠፋል።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በመወሰኑ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ነው። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ፍጥነት የሚቀንሱት በሞተራቸው ስለሆነ ሸራቸው ዕድሜው ይረዝማል፤ ዲስካቸው ግን ሳይሠራ ይዝጋል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት ከተጀመረም ሞተሩ የሚመልሰውን ኃይል የሚቀበል ስለማይኖር ሥራው ወደ ሸራው ይመለሳል።

ሥራው ሲጠናቀቅ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መረገጥ አለበት፤ ይህ ተዘንግቶ ከጋራዡ በር ሳይወጣ ግድግዳ የሚገጭ አለ። ከዚያ አዲሱ ሸራና ዲስክ መላመድ ይኖርባቸዋል። ለዚህ የሮቢትና የቆቦ ሜዳ ምቹ ነው። መንገዱ ጭር በሚልበት ማለዳ፣ ከኋላ የሚከተል መኪና አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 10 ገደማ በልኩ እየቀነሱ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙና በየመሐሉ እያቀዘቀዙ፣ አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም ነው። ከዚያ ወርዶ እጅን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ማስጠጋት እንጂ መንካት አያስፈልግም። ከአንድ መስመር የግራና የቀኝ ጎማዎች አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ካሊፐሩ ሳይለቅ ቀርቶ ይሆናልና፣ ጭነት ሳይጫን ወደ ጋራዡ መመለስ አለበት።